ጂሲሲና ጂዲቢ በልደታ ስም ሲፈተኑ

ሪቻርድ ስቶልማን የፕሮግራም ስህተት መፈለጊያውን (ዲበገሩን) ጂዲቢን እ.ኤ.አ. በ1986፣ ኮምፓይለሩን ጂሲሲን ደግሞ በ1987 ለሕዝብ ሲያበቃ ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ ገና አልነበረም፤ የገባው በ1999 ነው። ስለዚህ እነዚህን የተርሚናል መሣሪያዎች በመማሪያ መጽሐፍ ምሳሌ ብቻ መመዘን አይበቃም፤ በራሳችን ጽሑፍ ልንፈትናቸው ይገባል።

ተመዝጋቢው የሚኖርበትን ክፍለ ከተማ የምትቀበል አጭር የሲ ፕሮግራም ጽፌ ለስሙ 8 ባይት መደብኩ። «ቦሌ» በደንብ ይገባል። «ልደታ» ግን ሞልቶ ይፈሳል። በዩቲኤፍ-8 እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ስለሚይዝ ስሙ 9፣ ከመዝጊያዋ ዜሮ ጋር 10 ባይት ይሆናል። በላቲን ቢጻፍ 7 ይበቃው ነበር። በእንግሊዝኛ ምሳሌ የተማረ ልጅ ይህን ስህተት በምን ያየዋል?

በኮምፓይለሩ አያየውም። የተለመዱትን ማስጠንቀቂያዎች ባበራም ጂሲሲ ትንፍሽ ሳይል ፕሮግራሙን ሠርቶ ሰጠኝ። ይህን እንደ ከባድ ጉድለት እቆጥረዋለሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 የተጨመረለትን የማህደረ ትውስታ ስህተት መያዣ፣ አድሬስ ሳኒታይዘርን፣ አክዬ እንደገና ሳስነሳው ግን ፕሮግራሙ እዚያው ቆሞ 10 ባይት እንደተጻፈ፣ የትኛው መስመር ላይና በየትኛው ተለዋዋጭ ላይ እንደሆነ ዘረዘረልኝ። ጀማሪ ሊያጣው የማይገባው ይህ ነው።

ጂዲቢ ሌላ ጣጣ አለው። የሲስተሙ የቋንቋ ቅንብር ዩቲኤፍ-8 ካልሆነ ፕሪንት ሲሉት «ል»ን 341፣ 210፣ 215 እያለ በቁጥር ይተፋታል። መረጃው ትክክል ነው፤ ለጀማሪ ግን ፕሮግራሙ የተበላሸ ያስመስለዋል። ቅንብሩ ሲስተካከል «ልደታ» ራሱ ይወጣል። የስህተት መልእክቶቹና መመሪያው ግን እንግሊዝኛ ናቸው፤ እንግሊዝኛው ለሚከብደው ተማሪ ሸክሙ ድርብ ነው።

ደስ ያለኝንም ልናገር፦ ከ2020ው ጂሲሲ 10 ወዲህ ተለዋዋጭን «ዋጋ» ወይም «ስም» ብሎ በቀጥታ በአማርኛ መሰየም ይቻላል። ጂሲሲም ጂዲቢም ነፃ ናቸው፤ አቅሙ በደከመ ላፕቶፕም ይሠራሉ።

በተግባረ ዕድም ሆነ በሌላ ኮሌጅ ሲ የሚያስተምር መምህር ከብሬክና ከባክትሬስ በፊት ኤክስ የሚባለውን የጂዲቢ ትእዛዝ ቢያስቀድም እመርጣለሁ። ማህደረ ትውስታውን ባይት በባይት ስለሚያሳይ ተማሪው «ልደታ» ዘጠኝ ባይት ሆና ስትደረደርና ዜሮዋ ከተመደበው ቦታ ውጭ ስታርፍ በዓይኑ ያያል።