ውጫሌ ሂዱ! ኧረ ሂዱ!

ሰዎች፣ ውጫሌ ሂዱ! ዛሬውኑ! ከደሴ መናኸሪያ የወልድያን መኪና ተሳፈሩ፤ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። ውጫሌ ስትደርሱ «ወራጅ አለ!» ብላችሁ ጩኹ። በቃ!

መንገዱ ራሱ! ኧረ መንገዱ! የደሴ ብርድ ገና ከትከሻችሁ ሳይወርድ የሐይቅ ውሃ ብልጭ ይላል። እዚያ የአሳ ጥብስ ሳትበሉ እንዳታልፉ! በአዋዜ፣ ትኩስ ትኩሱን፣ ጣት የሚያስቆረጥም! ከዚያ ነፋሱ ይሞቃል፣ ጃኬት ይወልቃል፣ የአምባሰል ተራራ በግራ በኩል ግትር ብሎ ይመጣል። አዎ፣ ያው ክራሩ የሚያስለቅሰን አምባሰል! ግሸን ማርያምም በዚሁ ወረዳ!

እና ውጫሌ! ትንሽዬ፣ ሞቅ ያለች፣ ሻይ ጠጥተው የሚያልፏት የመንገድ ዳር ከተማ። አጠገቧ ግን ይስማ ንጉሥ አለች! ምኒልክና የጣሊያኑ መልእክተኛ ኮንት አንቶኔሊ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተዋዋሉት እዚህ ነው። ሮም አይደለም! አዲስ አበባ አይደለም! እዚህ! ቆሜ ሳስበው ሰውነቴን ውርር አደረገኝ። አፄ ዮሐንስ መተማ ላይ ከወደቁ ገና ሁለት ወር አልሞላም። ምኒልክ ዘውድ እንኳ አልጫኑም፤ እንጦጦ ላይ የነገሡት በጥቅምት 1882 ነው።

ውሉ 20 አንቀጽ ነው፤ ጣጣው ሁሉ ግን 17ኛው ላይ! በአማርኛው ምኒልክ ከፈለጉ ከሌሎች መንግሥታት ጋር በጣሊያን በኩል መጻጻፍ ይችላሉ፤ በጣሊያንኛው ግን ግዴታቸው ነው። ሮም ይህችን ይዛ ኢትዮጵያ በእኔ ጥበቃ ሥር ናት ብላ ለአውሮፓ አስታወቀች! ወይ ድፍረት! እቴጌ ጣይቱ አንቶኔሊን እንዴት እንደሞገቱት አንብቡማ፤ እኔ ብቻዬን አጨበጨብኩ! ምኒልክ በ1885 ውሉን አፈረሱት። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓድዋ! ጥቅምት 1889 ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ በአዲስ ውል የኢትዮጵያን ነጻነት ተቀበለች። ያ ሁሉ ነገር የተጠነሰሰው እዚህች ደጃችን ላይ!

ቆይ፣ ሌላም አለ! ለዓድዋ ክተት ሲታወጅ ጦሩ የተቀጠረው የት መሰላችሁ? ወረኢሉ! እሷም የኛው፣ የደቡብ ወሎ! ውሉም ወሎ፣ ክተቱም ወሎ! ራስ ሚካኤል ደግሞ የወሎን ፈረሰኛ ይዘው ዘመቱ። እንዴት ደስ አይልም?

የኮምቦልቻ ሰዎች፣ እናንተም አትቀሩ! ልጆቻችሁን ያዙ። 17ኛውን አንቀጽ ለፈተና የሚሸመድዱ ልጆች መጥተው መሬቱን ይርገጡት! ውሃ ያዙ፣ ኮፍያ አድርጉ፣ ስትመለሱ ሸንኮራ አገዳ እየመጠጣችሁ ኑ። እኔ ቅዳሜ ወረኢሉ ነኝ። ማን ይከተለኛል?