የልቦለድ ፈተናችን ምን ይለካል?

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍሎች የደራሲን ሥራ እንሄሳለን፤ የተማሪን ወረቀት እናርማለን። የራሳችንን የፈተና ጥያቄ ግን ለሂስ አናቀርብም። በዚህ አጭር መጣጥፍ ራሴ ያወጣሁትን አንድ ጥያቄ ለመመርመር እሞክራለሁ።

ጥያቄው በሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» (1958 ዓ.ም.) ላይ የተመሠረተ ነበር፦ «የበዛብህ እናት ማን ትባላለች?» ከአራቱ ምርጫዎች «ውድነሽ በጣሙ» የሚለውን ያከበበ ሁሉ ነጥቡን አገኘ። መጽሐፉን ሳይገልጥ ከጓደኛው ማስታወሻ ስሞችን የሸመደደ ተማሪም፣ ኋላ ራሱ እንደነገረኝ፣ አግኝቷል። ስሙን የሳተች አንዲት ተማሪ ግን ወረቀቷን ስትቀበል እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «እናቱ በዛብህን ለቤተ ክርስቲያን በመሳሏና ፊታውራሪ መሸሻ ሰብለ ወንጌልን ለማን እንደሚድሩ በራሳቸው በመወሰናቸው መካከል ልዩነቱ ምንድን ነው?»

ተማሪዋ የልቦለዱን ማዕከላዊ ግጭት ነክታለች። አንዱ ወላጅ በእምነት፣ ሌላው በዘር ኩራት ይነሣል፤ የሁለቱም ልጆች ዕጣ ግን ሳይጠየቁ ተወስኗል። ብሉምና ባልደረቦቹ በ1956 እ.ኤ.አ. ባወጡት የስድስት ደረጃዎች አከፋፈል የእኔ ጥያቄ ከመጀመሪያው፣ ከዕውቀት፣ አያልፍም። የእርሷ ግን ከትንተና ደርሷል።

የምርጫ ጥያቄ ደጋፊዎች የድርሰት መልስ እርማት እንደ አራሚው ይለያያል ይላሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። ስታርችና ኤልዮት በ1912 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት ለአንድ የእንግሊዝኛ ወረቀት ልዩ ልዩ መምህራን የሰጡት ውጤት ከ30 ነጥብ በላይ ተራርቋል። ይሁን እንጂ አስተማማኝነትን ለማግኘት ተገቢነትን መሠዋት መፍትሔ አይሆንም። ሚዛኑ ሁልጊዜ አንድ ቁጥር ቢያሳይም፣ የሚመዝነው ሌላ ነገር ከሆነ ምን ይረባል?

የቅኔ ቤት ትምህርት እዚህ ላይ ያስተምረናል። ተማሪው የጉባኤ ቃና ቤቱ ሁለት መሆኑን ስለተናገረ ባለቅኔ አይባልም፤ ራሱ ቆጥሮ ለመምህሩ ይነግራል፣ ይታረማል፣ ተመልሶ ይቆጥራል። ምዘናው ራሱ ትምህርት ነው።

በርካታ ተማሪዎች ባሉበት ክፍል ይህን ሙሉ በሙሉ መፈጸም እንደማይቻል አውቃለሁ። ቢያንስ ግን በየፈተናው አንድ የትንተና ጥያቄ ማውጣት፣ የእርማት መስፈርቱን አስቀድሞ መጻፍ፣ ስም የተሸፈነባቸውን ወረቀቶች ለሁለት መምህራን ማሳረም ይቻላል። እኔም በሚቀጥለው ፈተና የተማሪዋን ጥያቄ አወጣለሁ። የእርሷ ውጤት ግን እንደነበረ መዝገብ ላይ ሰፍሯል።