ቀይ እስክሪብቶና ማሰሪያ አንቀጽ

በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛን የሁለተኛ ደረጃና የከፍተኛ ትምህርት ማስተማሪያ አደረገ። እንግዲህ ተማሪው ባዮሎጂንም ታሪክንም የሚያጠናው በውሰት ልብስ ነው ማለት ነው። ሰዋስው የቸገረው ሁሉ አጭር ጽሑፉን ይዞ «እስቲ አርምልኝ» እያለ ወደሚሻለው ጓደኛው ይሄዳል። አራሚውስ ምን ያደርጋል? ቀዩን እስክሪብቶ መዝዞ ዐረፍተ ነገሩን በሙሉ ይሰርዝና የራሱን ይጽፍለታል! ተማሪው ማርክ አገኘ፤ ሐሳቡን ግን ተቀማ።

ይሄ እርዳታ አይደለም። ስሕተትም እኮ ምክንያት አለው። በአማርኛ ማሰሪያ አንቀጹ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ በእንግሊዝኛ ከባለቤቱ ቀጥሎ ይገባል። እኛ «ቤቱ» ብለን በቃሉ ጭራ የምንቀጥለውን፣ እንግሊዝኛ «ዘ» ብሎ ከፊት ያስቀድመዋል። «እሄዳለሁ» ስንል የዘወትሩንም የነገውንም ማለታችን ነው፤ እንግሊዝኛ ሁለቱን ይለያቸዋል። ይህን የነገሩት ተማሪ በሚቀጥለው ጽሑፉ ራሱን ያርማል። ያልነገሩት ግን ዓመቱን ሙሉ የሰው በር ሲያንኳኳ ይኖራል።

ከሁሉ በፊት መቅደም ያለበት ጥያቄ ደግሞ «ምን ለማለት ፈልገህ ነው?» የሚለው ነው። በአማርኛም ይመልስ፣ ግድ የለም! ሐሳቡ ከጠራ «ዘ» በኋላ ትደርሳለች። ሐሳብ የሌለው ጽሑፍማ ሰዋስው ቢቃናለት ምን ሊሆን? ባዶ ቤት ላይ የተሰቀለ መጋረጃ!

ስለዚህ አራሚ ሆይ፣ ከሥሩ አስምርበት፣ ምክንያቱን ንገረው፤ እስክሪብቶውን ግን ለባለቤቱ መልስ።