ባሕሩ ምን እንደራበው ማንን እንጠይቅ?

ከክፋር ብራንዳይስ ወደ ባሕሩ ስትወርዱ የኦሮት ራቢን ኃይል ማመንጫ ጭስ ማውጫዎች ታያላችሁ። ለማቀዝቀዣ ያገለገለው ሙቅ ውሃ እዚያ ወደ ባሕር ይመለሳል፤ ከጎኑ ያለው ጨው ማስወገጃ ፋብሪካ የሚተወው ጨዋማ ውሃም አብሮት ይፈሳል። በብርድ ወራት ሰዉ ሻርኮቹን ሊያይ ይመጣል። እኔ ግን ማስተርሴን ከጀመርኩ ወዲህ ሐሳቤ ዓይን የማያያቸው ረቂቅ ተሕዋስያን ላይ ነው። ምን ጎድሏቸው ይሆን?

ማክ ሳይቶና ባልደረቦቹ በ2014 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ ያወጡት ጥናት ለዚህ ጥያቄ መንገድ ከፍቷል። ዲኤንኤ ጓዳ ውስጥ ያለውን ይነግረናል፤ ፕሮቲን ግን ዛሬ ምድጃ ላይ የተጣደውን። ለምሳሌ ብዙ ረቂቅ ሕዋሳት ብረት ሲያጡ ብረት ያለበትን ፌሬዶክሲን ቀንሰው ብረት በማይፈልገው ፍላቮዶክሲን ይሠራሉ። ስለዚህ ፕሮቲኑን በማስ ስፔክትሮሜትር መለካት ረሃቡን ከተራበው ከራሱ መስማት ነው። እነ ሳይቶ በመካከለኛው ፓሲፊክ ፕሮክሎሮኮከስ የተባለውን ባክቴሪያ ለኩ፤ በሰሜን የናይትሮጅንና የፎስፈረስ፣ በምድር ወገብ አካባቢ ደግሞ የብረት እጥረት ምልክት አገኙ። ክልሎቹ በሚገናኙበት ቦታ እጥረቶቹ ተደራርበው ታዩ። ይሄ ትልቅ ሥራ ነው።

ሁለት ነገር ግን ይቆረቁረኛል። አንደኛ፣ የተለኩት ቀድመው የተመረጡ ፕሮቲኖች ናቸው፤ ያውም የአንድ ባክቴሪያ፣ ብዙ ብርሃን የሚወደው ወገኑ ብቻ። የአንዱ ረሃብ የባሕሩ ሁሉ ረሃብ አይደለም እኮ!

ሁለተኛ፣ መራቡን ማወቅ፣ ሲበላ የሚሆነውን ማወቅ አይደለም። የራሳችን ምሥራቅ ሜዲትራኒያን ለዚህ ምስክር ነው። ፎስፈረስ በጣም የሚያጥረው ባሕር ስለሆነ፣ በ2002 ተመራማሪዎች ቆጵሮስ አካባቢ ፎስፌት ጨመሩበት። ጥቃቅን ዕፅዋቱ ይበዛሉ ትላላችሁ? በ2005 የታተመው ውጤት ተቃራኒውን አሳየ፤ ክሎሮፊል ቀነሰ፣ የባክቴሪያ ምርትና ኮፔፖድ የሚባሉት ጥቃቅን እንስሳት እንቁላል ግን ጨመረ።

ለፍትሕ ያህል፣ እነ ሳይቶ ራሳቸው ያሉት «ጫና» ነው። ከዚያ አልፎ «ባሕሩን የያዘው ይሄ ነው» ብሎ የሚደመድመው ችኩል አንባቢ ነው።

ነገ አንድ ሰው በፕሮቲን ልኬት ብቻ «የኸዴራ ባሕር ደህና ነው» ወይም «ታሟል» ቢለን፣ ታናናሾቻችን የሚዋኙበት ባሕር ነውና ሁለት ነገር እንጠይቀው፦ ማንን ለካህ? አብልተህስ አየህ?