ጤፍ የበላ ትንፋሽ

በዚያ ሌሊት ከሞላኋቸው 16 የአየር ጠርሙሶች አንዱ ከጓደኞቹ ጋር አልገጥም አለ። 15ቱ ግራፉ ላይ አንድ መስመር ይዘው ተሰልፈዋል፤ አንዱ ብቻውን ከመስመሩ በላይ ቆሟል። መጀመሪያ መሣሪያውን ጠረጠርኩ፤ ቀጥሎ ጠርሙሶቹ የተጓዙበትን ሳጥን። በሦስተኛው ቀን የመስክ ደብተሬን ስገልጥ በራሴ እጅ «ጠርሙስ 11፣ ቱቦው ታጥፎ ነበር፣ አቃናሁት» ተብሎ ተጽፏል። ያኔ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ ቱቦውን ሳቃና ተንፍሼበታለሁ። ከሳንባችን ከሚወጣው አየር ከመቶ 4 ያህሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ደጅ ካለው አየር 100 እጥፍ ገደማ።

ቦታው ጎጃም ውስጥ፣ ዙሪያውን በጤፍ ማሳ የተከበበ የቤተ ክርስቲያን ደን ነበር። እዚያ የወሰደኝ የካርቦን ጉዳይ ነው። በተፈጥሮ ካለው ካርቦን ከመቶ አንድ ያህሉ ኒውትሮን የተጨመረበት ከባድ ካርቦን፣ ካርቦን 13 ነው። ወይራ፣ ጽድ፣ ዋንዛ፣ ስንዴና ሽምብራ አየር ሲስቡ ከባዱን አጥብቀው ይሸሹታል፤ ገላቸው ከዓለም አቀፉ መለኪያ ጋር ሲመዘን -27 በሺህ አካባቢ ይወጣል። ጤፍ፣ በቆሎ፣ ማሽላና ዳጉሳ ካርቦኑን የሚይዙት በሌላ መንገድ ስለሆነ ያን ያህል አይመርጡም፤ -13 አካባቢ ናቸው። እንግዲህ አጥሩን ተሻግሮ ከደን ወደ ማሳ መግባት ማለት ከአንዱ ፊርማ ወደ ሌላው መሻገር ነው። ማሳው ግን የጤፍ ብቻ አይደለም፤ ገበሬው ሽምብራና ስንዴ ሲያፈራርቅበት ስለኖረ አፈሩ የሁሉንም ፊርማ ቀላቅሎ ይዟል። ለዚህ ነው የማሳው ቁጥር ሁልጊዜ ከጤፍ ዝቅ የሚለው።

አየር ቀድቶ ምንጩን የመለየቱ ዘዴ የቻርልስ ዴቪድ ኪሊንግ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ አጋማሽ፣ የማውና ሎኣ የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልኬቱን ከመጀመሩ በፊት፣ ካሊፎርኒያ ቢግ ሰር ጫካ ውስጥ እያደረ ቀንና ሌሊት አየር ይሰበስብ ነበር። ሌሊት ብርሃን የለም፤ ዛፉም አፈሩም የሚያወጡት እንጂ የሚስቡት ካርቦን ዳይኦክሳይድ የለም። ንፋስ ከሌለ ጋዙ ከምድር ወደ ላይ ይጠራቀማል። በየሰዓቱ፣ በየከፍታው የተቀዳውን አየር ፊርማ ከክምችቱ ግልባጭ ጋር አስቀምጠህ መስመር ስትስብ፣ መስመሩ ቋሚውን ዘንግ የሚነካበት ቁጥር የተነፈሰውን አካል ይነግርሃል። ቀመሩ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚሠራው ነው። ችግሩ ያለው ከጠርሙሱ አፍ ላይ ነው።

አንድ ሽማግሌ ካህን ፋኖስ ይዘው መጥተው ሲያዩኝ ቆዩ።

«ልጄ፣ ምን እየቀዳህ ነው?»

«አየር ነው፣ አባ።»

«እሱ ደግሞ ምን ይነግርሃል?»

«ማን እንደተነፈሰው።»

ትንሽ አሰቡና «እንግዲያ የኔን እንዳትጽፈው» ብለው ከነፋኖሳቸው ራቅ ብለው ቆሙ። እሳቸው ራቁ፤ የተነፈስኩበት እኔ ነኝ። ጠርሙስ 11 ከደኑ መስመር በላይ የወጣው ማታ የበላሁት እንጀራ -13፣ ሽሮው ደግሞ እንደ ደኑ ዛፎች በመሆኑ ነው፤ የኔ ትንፋሽ የሁለቱ ድብልቅ ነው። ከዚያ ወዲህ ቫልቩን ከመክፈቴ በፊት ትንፋሼን እይዛለሁ፣ ፊቴንም ወደ ነፋሱ መውረጃ አዞራለሁ።

ውሃም እንደ ካርቦኑ በሃይድሮጅኑና በኦክስጅኑ ቀላልና ከባድ አለው፤ እዚያ ደግሞ የናሙናው ጠላት ትነት ነው። ሥር የሳበው ውሃ ግንድ ውስጥ ሲወጣ ፊርማው አይለወጥም። ቅጠል ላይ ሲደርስ ቀላሉ ቀድሞ ይተናል፣ ከባዱ ወደ ኋላ ይቀራል፤ ስለዚህ የቀትር ቅጠል ውሃ ከግንዱ ይከብዳል። ቅጠል ግን ጋን አይደለም፣ ብዙ ውሃ አያጠራቅምም። በቀኑ ድምር ሲታይ የገባው ያው ይወጣል። ከሐይቅ የሚነሳው እንፋሎት ቀላል ነው፤ ከዛፍ የሚነሳው የጠጣውን ውሃ ይመስላል።

ይህ ልዩነት አዲስ አበባ ድረስ ይመጣል። ዊሊ ዳንስጋርድ እ.ኤ.አ. በ1964 እንዳሳየው ዝናብ ከባሕር በራቀና ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይቀላል። ከተማችን ከ2300 ሜትር በላይ ናት፣ ከባሕርም ሩቅ ናት። ዓለም አቀፉ የአቶሚክ ኃይል ኤጀንሲና የዓለም ሜትሮሎጂ ድርጅት የዝናቧን ናሙና እ.ኤ.አ. ከ1961 ጀምረው መዝግበዋል፤ ዝናቧ ግን ከሚጠበቀው በላይ ከባድ ነው። አንዱ ማብራሪያ እንፋሎቱ በመንገዱ በኮንጎ ደንና በሱድ ረግረግ ዕፅዋት በኩል እየተመለሰ መምጣቱ ነው፤ ቅጠል ሳይመርጥ ስለሚመልስ ክብደቱ አይጠፋም። ሌላው ወገን እንፋሎቱ ከሕንድ ውቅያኖስ ገና ብዙ ሳይዘንብ መድረሱን ያነሳል። እኔ ለቅጠሎቹ አደላለሁ፤ የበልግ ዝናብ ከክረምቱ የሚከብድ መሆኑ ግን ሁሌ ያጠራጥረኛል።

ክዳኑ የላላ ጠርሙስም ከባድ ውሃ ይሰጣል። እሱን የሚያጋልጠው ሃርሞን ክሬግ እ.ኤ.አ. በ1961 ያወጣው መስመር ነው፦ የሃይድሮጅኑ ቁጥር የኦክስጅኑ 8 እጥፍ ሲደመር 10። የተነነ ውሃ ከዚህ መስመር በታች ይወድቃል፤ የከተማችን ዝናብ በአብዛኛው አይወድቅም። ስለዚህ ክብደቱ የእውነት ነው፤ ያን ሁሉ ዓመት በየወሩ ክዳን አጥብቀው የዘጉ ሰዎች ሥራ ነው ይህን ለማለት ያስቻለን።

ዝናብ ልትሰበስቡ የምትወጡ ተማሪዎች ካላችሁ፦ መሰብሰቢያው ላይ ትንሽ ፓራፊን ዘይት ጨምሩ፤ ጠርሙሱን አረፋ እስከማይቀርበት እስከ አንገቱ ሙሉት። ቀኑንና ሰዓቱን በእርሳስ ጻፉ፤ እስክሪብቶውን ዝናቡ ያጥበዋል።