ጎርጎራን ሳላይ ጎንደሬ ነኝ ስል ኖሬያለሁ!

ኧረ በሞቴ፣ እስከ ዛሬ የት ነበርኩ? ማራኪ ሰፈር ተወልጄ፣ ለመጣ እንግዳ ሁሉ የፋሲል ግንብን ሳስጎበኝ ኖሬ፣ ጎርጎራን የማውቃት በጆሮዬ ብቻ ነበር! ባለፈው ቅዳሜ ከአዘዞ ሚኒባስ ያዝኩ። ቆላ ድባን አልፈን፣ የደንቢያን ጥቁር አፈር አቋርጠን ወደ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደ ተጓዝን መንገዱ አለቀና ጣና ጀመረ።

ደብረ ሲና ማርያምን ከውጭ ላያት ክብ፣ ሣር ክዳን፣ የደንቢያ ገበሬ ትልቅ ጎጆ ናት። ጫማዬን አውልቄ ስገባ ግን አፌን ይዤ ቀረሁ! የመቅደሱ ግድግዳ በሥዕል ተሸፍኗል፤ ቀዩ አሁንም ቀይ ነው፣ ዓይኖቹ አሁንም ያያሉ። ያሣለችው የዐፄ ፋሲል እህት መለኮታዊት ናት ይላሉ። ካህኑን «አባ፣ ይኼን ሁሉ ዘመን ምን ጠበቀው?» ብላቸው፣ «ጨለማውና ጸሎቱ ነዋ፣ ልጄ» አሉኝ።

የባሰው ገና ነው። በስተ ምዕራብ፣ አሮጌው ጎርጎራ፣ ማርያም ግንብ ቤተ ክርስቲያን ቆማለች፤ መቆም ከተባለ። ግማሿ ፈርሷል፤ የተረፈው ድንጋይ ግን እንደ እንጨት ተፈልፍሎ አበባ አውጥቷል። ዐፄ ሱስንዮስ በዚህ አገር ከትመው ነበር። በ1618 እ.ኤ.አ. ግሽ ዓባይን ያየው ስፔናዊው ኢየሱሳዊ ቄስ ፔድሮ ፓኤዝ ቤተ መንግሥት የሠራላቸው እዚሁ ጎርጎራ ነው፤ በ1622 የሞተውም እዚሁ። ጎንደር የተቆረቆረችው ደግሞ በ1636! ስታኮራኝ የኖረችው ከተማ ታላቅ እህት ነበረቻት ማለት ነው። ሱስንዮስ በ1632 ዙፋኑን ለቀቁ፤ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን አባረሩ። ድንጋይን በኖራ የማያያዝ ጥበብን ግን አላባረሩም፤ ይዘውት ጎንደር ገቡ።

ጣሊያን በወረራው ዘመን ኮረብታው ላይ ያቆመውን ሐውልትም አየሁ። እሱ ግን የሚያምረው ጀርባ ሰጥተውት ሐይቁን ሲያዩ ነው። በ«ገበታ ለሀገር» የተሠራው ሪዞርትም አለ፤ አቅም ያለው ይደርበት።

እኔን የገደለኝ የሰፈሩ ኑሮ ነው። ገና ሳይነጋ ዓሣ አጥማጆቹ በደንገል ታንኳ ይወጣሉ። ያች ታንኳ ውሃ ስትጠግብ ጸሐይ ላይ ትሰጣለች፣ ደግሞም ትቀዘፋለች! ረፋድ ላይ ቆረሶ ዓሣው ከመረብ ወደ መጥበሻ ይገባል። ያስተናገዱኝ እናት በሚጥሚጣ ነክረው ሲያጎርሱኝ፣ «ከጎንደር ነኝ» አልኳቸው። «እሷማ የትናንት ናት» ብለው ሳቁ።

እውነታቸውን ነው። ወገኖቼ፣ ግንቡን አይቻለሁ ብላችሁ አትርኩ፤ የመጣበትን ሳታዩ አላያችሁትም። ቅዳሜ ጠዋት አዘዞ ሂዱ፣ የጎርጎራ መኪና ጠይቁ።