ራስን ማንሣት ማስረጃ ነውን?

ጠዳም ሆነ ጎንደር የሠለጠነ ባለሙያ በሽተኛው ራሱን ለ5 ሰከንድ ካነሣ ጡንቻ የሚያላላው መድኃኒት ለቆታል ብሎ ቱቦውን ቢያወጣ ተሳስቷል። የነርቭ ማነቃቂያ መሣሪያ ሲለካ፣ አራተኛው ምት ከመጀመሪያው 60 በመቶ ገደማ ላይ ሳለም ራሱን የሚያነሣ አለ፤ የሚፈለገው ቢያንስ 90 ነው። የአሜሪካ የሰመመን ሐኪሞች ማኅበርም በ2023 እ.ኤ.አ. በምልክት ብቻ መወሰንን ነቅፏል።

ኒዮስቲግሚን ከአትሮፒን ጋር ቢሰጥም ጥልቅ መላላትን አይመልስም፤ መጠኑን ማብዛትም ጣሪያውን አያሻግረውም። በ2008 እ.ኤ.አ. አውሮፓ የፈቀደችው ሱጋማዴክስ ሮኩሮኒየምንና ቬኩሮኒየምን አቅፎ ይይዛል፤ ለሱክሳሜቶኒየም ግን አይረባም። ውድ ነው፤ ይሁን። እኔ የምነቅፈው የእርሱን እጦት ሳይሆን ጥድፊያውን ነው፦ ኒዮስቲግሚን ሙሉ ኃይሉን የሚያሳየው 10 ደቂቃ ያህል ቆይቶ ሳለ፣ መርፌው ሳይነቀል ቱቦው ይነቀላል።